የግቢ ኪራይ ጠብ ከቆጣሪው ይጀምራል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ስለ ቤት ኪራይ የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ወር በገባ ቁጥር በሚከፈለው ብር ላይ ያርፋል። ተከራይ በዛብኝ ይላል፣ አከራይ አነሰኝ ይላል፣ መንግሥት በመሃል ገብቶ ልክ ያበጃል። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ አልቃወመውም። ድሬዳዋ ውስጥ ግን፣ ሳቢያንም ይሁን ገንደ ቆሬ፣ ግቢው ውስጥ አራት አምስት ሰርቪስ ክፍል ሠርቶ የሚያከራይ ሰው ተከራዩን የሚያጣውም ገንዘቡን የሚከስረውም በኪራዩ መጠን አይደለም። አንድ ቆጣሪ፣ አንድ ሮቶ፣ አንድ የሽንት ቤት ጉድጓድ ለስንት ቤተሰብ ነው የሚካፈለው? ጠቡ ያለው እዚያ ነው። ስለዚህ ጉዳይ ሲጻፍ ስለማላይ ይህን ላክሁ።

ነገሩ ዛሬ ይበልጥ የሚያሳስበው በሕጉ ምክንያት ነው። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከወጣ ወዲህ ውል በጽሑፍ ይሆናል፣ በተቆጣጣሪው አካል ዘንድ ይመዘገባል፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት አያንስም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር መብለጥ የለበትም። ኪራዩ በባንክ ወይም በሌላ ኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል፤ ጭማሪ የሚደረገውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው ልክ ነው። ድሮ አከራዩ ያልገመተው ወጪ ሲመጣበት “ከሚመጣው ወር 300 ብር ጨምሬያለሁ” ብሎ ይገላገል ነበር። አሁን ያ በር ተዘግቷል፤ መዘጋቱም ለተከራዩ መልካም ነው። ለአከራዩ ደግሞ ትርጉሙ ይህ ነው፦ በፊርማው ቀን ያልታሰበና ያልተጻፈ የጋራ ወጪ ሁለት ዓመት ሙሉ ከራሱ ኪስ ይወጣል።

ከመብራት ልጀምር። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ደረጃ ደረጃ አለው። በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም ደንበኛ በርካሹ ዋጋ ይከፍላል፤ ከዚያ 100፣ 200፣ 300፣ 400፣ 500 እያለ በተሻገረ ቁጥር የአንዷ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ራሷ ትወደዳለች። አንድ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚበላ እንቁጠር። ባለ 75 ዋት ቬንትሌተር በድሬ ሙቀት በቀን 16 ሰዓት ቢዞር በወር 36 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። ትንሽ ፍሪጅ በቀን አንድ ኪሎዋት ሰዓት ግድም ስለሚወስድ በወር 30 ነው። 3,500 ዋት የሚስብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለአንድ ጋገራ አንድ ሰዓት ተኩል ቢሰካ 5 ኪሎዋት ሰዓት ያልፋል፤ በሳምንት አንዴ ቢጋገር በወር 21 ገደማ። አምፖልና ቴሌቪዥን ሲጨመር ክፍሉ 90 ግድም ይሆናል። ይህ ቤተሰብ የራሱ ቆጣሪ ቢኖረው ከሁለተኛው ደረጃ አያልፍም ነበር። አምስቱ ክፍሎች በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ ግን ድምሩ 450 ነው፤ ማንም ሳያባክን ሁሉም የሀብታም ቤት ታሪፍ ይከፍላሉ። አከራዩ ትርፍ የጫነባቸው ይመስላቸዋል። እሱ ደግሞ ቢሉን ይዞ ይምላል።

ከዚህ በላይ የሚያጣላው አከፋፈሉ ነው። ብዙ ግቢ ቢሉን በክፍል ቁጥር እኩል ያካፍላል። ፍሪጅ የሌላት ወይዘሮ የጎረቤቷን ፍሪጅ ትከፍላለች። ከሰዓት በኋላ ሥራ ላይ የሚውለው ሰው ጫት በርጫ ላይ ለተቀመጡት የቬንትሌተር ያዋጣል። አንዱ ተከራይ ትልቅ ፍሪዘር አስገብቶ ለሰፈሩ በረዶና ቀዝቃዛ ውሃ መሸጥ ሲጀምርማ ነገሩ ከኪራይ አልፎ ወደ ሽማግሌ ይሄዳል። “በእቃ ብዛት እናካፍል” የሚለውም መፍትሔ አይሆንም፤ ፍሪጅ ከፍሪጅ ይለያል፤ የበሩ ጎማ ያረጀበት ያለማቋረጥ ይሠራል።

መፍትሔው ለየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ ማስገባት ነው። ከዋናው ቆጣሪ በኋላ ለእያንዳንዱ ክፍል የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከር፣ የራሱ ቆጣሪ ይኖረዋል። አነባበቡ ላይ የሚሳሳቱ ብዙ ናቸው። ዋናውና ንዑሶቹ በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ ተከራዮቹ ባሉበት ይነበቡ። ከዚያ የቢሉ ብር በዋናው ቆጣሪ ንባብ ይካፈል። ለምሳሌ ዋናው 450 ቆጥሮ ቢሉ 1,800 ብር ቢመጣ አንዷ ኪሎዋት ሰዓት 4 ብር ወጣች ማለት ነው፤ 110 የተጠቀመ 440 ብር ይከፍላል። የንዑሶቹ ድምር 430 ቢሆን የቀረችው 20 የግቢው መብራትና የውሃ ፓምፑ ናት፤ 80 ብር ለአምስት ሲካፈል ለየክፍሉ 16 ብር። ልዩነቱ በየወሩ ካደገ አንድ ቦታ መስመር ተቀጥሏል ወይም ከንዑሶቹ በፊት ያለ ሽቦ ወይም ፓምፑ ወደ መሬት ያፈሳል፤ ኤሌክትሪሺያን ይጠራ። አከራዩ በራሱ ግምት “በኪሎዋት ይህን ያህል” ብሎ ማስከፈል የለበትም። ሁለት ብር ቢያተርፍ የሁለት ዓመት እምነት ያጣል። ዋናው ቆጣሪ በካርድ የሚሞላ ከሆነ ደግሞ መዋጮው ቀድሞ የሚሰበሰብበት ቀን ይወሰን፤ አለበለዚያ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ ካርዱ ሲያልቅ የሚጮኸው አከራዩ በር ላይ ነው።

ምጣዱን በተመለከተ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም፤ ይህ የገንዘብ ሳይሆን የእሳት ጉዳይ ነው። 3,500 ዋት በ220 ቮልት 16 አምፔር ይስባል። ሁለት ምጣድ አብረው ሲሰኩ 32 ነው። በሰርቪስ ክፍል ውስጥ የተለመደው ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ አንዱን ይችላል፣ ሁለቱን አይችልም፤ በኮርኒሱ ላይ ካለው ሙቀት ጋር ደግሞ አቅሙ ይቀንሳል። ብሬከሩ ሲወድቅ ተከራዩ ይነጫነጫል፤ ሠራተኛ ይጠራና ባለ 16 አምፔሩን አውጥቶ ባለ 32 ይገጥማል። ከዚያ በኋላ ብሬከሩ አይወድቅም፤ ሽቦው ነው የሚቀልጠው፣ ያውም ቺፑድ ኮርኒስ ላይ። ለምጣድ አንድ የጋራ ማዕድ ቤት፣ ባለ 4 ሽቦ፣ ባለ 20 ብሬከርና ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የጋገራ ተራ ይበቃል። በዲቫይደር ምጣድ መሰካት በውሉ ይከልከል።

ወደ ውሃ ስንመጣ የድሬ ውሃ ሁለት ጠባይ አለው፤ በፈረቃ ይመጣል፣ ኖራም ይበዛዋል። ለፈረቃው ሂሳቡ ቀላል ነው። በግቢው ውስጥ 20 ሰው ካለና ለአንዱ በቀን 40 ሊትር ከታሰበ በቀን 800 ሊትር ነው። ውሃው በሦስት ቀን አንዴ ቢመጣ 2,400፤ ፈረቃው ግማሽ ቀን ቢዘገይ የሚያሻግር ትንሽ ጨምሮ ባለ 3,000 ሊትር ማጠራቀሚያ ያስፈልጋል። ብዙዎች ባለ 1,000 ሮቶ ይሰቅሉና “ውሃ አለው” ብለው ያከራያሉ። ውሃው በሁለተኛው ቀን ጠዋት ያልቃል።

ሦስት ሺህ ሊትር ውሃ ሦስት ቶን ነው። ያለ ፌሮ በተደረደረ ብሎኬት ላይ አይቀመጥም፤ አራት ኮለንና የኮንክሪት ንጣፍ ይፈልጋል። በብረት ማማ ላይ ከሆነ የሮቶው ታች ሙሉ በሙሉ በጠፍጣፋ ነገር ላይ ይረፍ። በተራራቁ ብረቶች ላይ የተቀመጠ ሮቶ ሆዱ ይወርድና መውጫው ያለበት ቦታ ይሰነጠቃል። ከሻወሩ ራስም ቢያንስ ሁለት ሜትር ከፍ ይበል፤ አለዚያ ውሃው ይንጠባጠባል። ጥቁር ሮቶ በድሬ ፀሐይ ላይ ከተተወ ቀትር ላይ እጅ አያስነካም፤ በላዩ ቆርቆሮ ወይም ዳስ ማልበስ ከሁሉ ይረክሳል።

ኖራው ግን ቀስ ብሎ የሚገድል ነው። የሻወር ማሞቂያው ብረት ላይ እንደ ቅርፊት ይጋገራል፤ ማሞቂያው መብራት ይበላል፣ ውሃው ለብ አይልም፣ በመጨረሻ ይቃጠላል። የሮቶው መሙያ ላይ ያለው ተንሳፋፊ ኳስ ክንዱ ይደርቅና አይዘጋም፤ ፈረቃው ሌሊት ከመጣ እስከ ንጋት ሲፈስ ያድራል። የድሮው ግማሽ ኢንች የብረት ቧንቧ ከውስጥ እየጠበበ ይሄድና የመጨረሻው ክፍል ውሃ አያይም፤ ያኔ የመጨረሻው ክፍል ተከራይ የፊተኞቹን ይከሳል። ቧንቧ ሲቀየር ዋናው መስመር ባለ ሦስት አራተኛ ኢንች ፒፒአር የሚባለው የፕላስቲክ ቧንቧ ቢሆን፣ ለየክፍሉም የራሱ መዝጊያ ቢገጠም ጥሩ ነው። መዝጊያው በሩብ ዙር የሚዘጋው ቦል ቫልቭ ይሁን፤ የሚሽከረከረው በኖራ ይደርቃል። ቦል ቫልቩም በወር አንዴ ካልተነካካ ያው ነው። የሻወር ራስ ሲደፈን በአቼቶ ነክሮ ማሳደር ይበቃል፤ በሚስማር የሚወጉት ያበላሹታል።

ማፍሰስ መኖሩን ለማወቅ ሮቶው ሞልቶ ከተዘጋ በኋላ ሁሉም ቧንቧ ተዘግቶ የውሃ ቆጣሪው ላይ ያለችው ትንሿ መዘውር ትታይ። ከዞረች ከቆጣሪው እስከ ሮቶው ባለው መስመር ላይ ይፈሳል፤ ከሮቶው በታች ያለውን ለማወቅ ደግሞ ማታ የውሃውን ልክ በጠመኔ አስምሮ ጠዋት ማየት ነው።

ውሃ በክፍል ሳይሆን በሰው ይቆጠር። ይህ በኢንዱስትሪ ፓርኩና በዩኒቨርሲቲው ዙሪያ ለሚያከራዩ ትልቅ ነገር ነው። አንድ ክፍል ለአንዲት ሠራተኛ ተብሎ ይከራያል፤ ከወር በኋላ ሦስት ጓደኞቿ ይገባሉ። በዚህ አልፈርድም፤ በደመወዛቸው ሌላ ምርጫ የላቸውም። ግን የአንድ ሰው የነበረው ወጪ የአራት ሆኗል፤ ልብስ ማጠቢያው፣ ሮቶው፣ ጉድጓዱ የተሰላው ለአንድ ሰው ነው። የነዋሪው ቁጥር በውሉ ይጻፍ፤ ሲጨምር የውሃ መዋጮው በሰው ቁጥር ይጨምር፤ ኪራዩ ግን አይነካ።

ስለ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ ማንም ማውራት አይወድም። በጥቅሉ አንድ ሰው በዓመት 50 ሊትር ያህል የማይበሰብስ ዝቃጭ ይተዋል ብሎ መገመት ይቻላል። ሃያ ሰው በዓመት አንድ ሜትር ኪዩብ ነው፤ ሦስት ሜትር ኪዩብ የዝቃጭ ቦታ ያለው ጉድጓድ በሦስት ዓመት ይሞላል። ከዚያ በፊት ከሞላ ምክንያቱ ወይ የልብስ ማጠቢያ ውሃ ወደዚያው ተለቋል፣ ወይ ዳይፐርና የንጽሕና መጠበቂያ ተጥሎበታል፣ ወይ በረኪና በብዛት ስለሚደፋበት አይበሰብስም። ትልቁ ስሕተት ግን የሚሠራው ጉድጓዱ ሲቆፈር ነው። ቦታ ለማትረፍ ሲባል ከሰርቪሱ ጀርባ ይቆፈርና ክዳኑ በኮንክሪት ይደፈናል፤ በላዩ ክፍል የሚሠራም አለ። መጣጩ መኪና ሲመጣ እንደ መጋላ ባለ ሰፈር ጠባብ መንገድ አይገባም፣ ቱቦውም አይደርስም። ጉድጓዱ በተቻለ መጠን ወደ ውጭ በር ይጠጋ፤ የሚነሳ ክዳንም ይኑረው።

የቀረኝ ጣሪያው ነው። ቆርቆሮ ሲገዛ የጌጅ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቆርቆሮው ይወፍራል፤ ባለ 28ቱ ከባለ 32ቱ ይሻላል፣ ርካሹን የገዛ በነፋስ ይጠየቃል። በሙቀት በኩል ግን ውፍረቱ ብዙ አያግዝም፤ የሚያግዘው በኮርኒሱና በቆርቆሮው መሃል ያለው አየር በሁለቱም ጫፍ መውጫ ሲኖረው ነው። መስኮት በአንድ በኩል ብቻ ያለው ክፍል ግንቦት ሲገባ ይለቀቃል። ክፍሎቹን ጀርባ ለጀርባ አጣብቀው ስምንት ያደረጉ ሰዎች፣ አምስት አድርገው አየር ቢያሳልፉ ኖሮ በዓመቱ መጨረሻ የተሻለ ያገኙ ነበር ባይ ነኝ።

ቦታ ወይም የተሠራ ቤት ለመግዛት የሚያስቡ ሰዎች ደግሞ በደቻቱ ወንዝ ዳር ዋጋው ለምን እንደወረደ ይጠይቁ። አሸዋው አብዛኛውን ዓመት ደረቅ ነው፤ ሐምሌ 1998 ማለቂያ ላይ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ግን ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። ዝናቡ ከተማው ላይ ባይዘንብም ከላይ ከደጋው ዘንቦ ይወርዳል። የአካባቢውን ሽማግሌ ውሃው የት ደርሶ እንደነበር ጠይቆ፣ ሶኬትና ቆጣሪን ከዚያ በላይ ማድረግ የሚቻል ካልሆነ ርካሹ ቤት ርካሽ አይደለም።

ስለ ሂሳቡም ትንሽ ልበል፤ “ኪራይ ተኝቶ የሚበላ ገንዘብ ነው” የሚሉን ስላሉ። ለምሳሌ ያህል አምስት ክፍል በ1.5 ሚሊዮን ብር ተሠርቶ እያንዳንዱ በ4,000 ብር ቢከራይ በዓመት 240,000 ብር ነው። ከዚህ ላይ ተከራይ ሲለቅና ሲገባ ለየክፍሉ በዓመት አንድ ወር ባዶ ቢያልፍ 20,000 ይቀነሳል። ለጥገና አንድ አሥረኛውን፣ 24,000 እንያዝ። ለጉድጓድ መምጠጫ፣ ለፓምፕና ለሮቶ መተኪያ በወር 1,000 ቢቀመጥ 12,000። የቀረው 184,000 ነው፤ ከወጣው ገንዘብ 12 በመቶ ግድም፣ ያውም ግብር ሳይከፈል። ከባንክ የተበደረ ሰው የሚከፍለው ወለድ ከዚህ ከበለጠ በየወሩ ከራሱ እየጨመረ ነው የሚያከራየው። የኪራይ ገቢ ግብር በሠንጠረዥ ለ ይሰላል። የገቢ ግብር አዋጁ በ2017 ስለተሻሻለ የድሮውን ስሌት ይዞ መቅረብ አያዋጣም፤ ግብር ከፋዩ የመክፈያ ጊዜው ሳያልፍ አዲሱን ሠንጠረዥ ጠይቆ ይሂድ። የጥገና ደረሰኝም ይያዝ፤ “ያለ ደረሰኝ ይቀንስልሃል” የሚል ነጋዴ የቀነሰውን ያህል ግብር ላይ ያስከፍላል።

እንግዲህ ውሉ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ትልልቁን ጥገና በአከራይ፣ የበር፣ የመስኮት፣ የወለልና የቧንቧ ትንንሽ ጥገናን በተከራይ ላይ ይጥላል፤ በእርጅና የመጣ ከሆነ ግን ተከራዩ አይጠየቅም። ታዲያ በስድስት ወር በኖራ የደረቀ ቧንቧ የማን ነው? ተከራዩ “አርጅቶ ነው” ይላል፣ አከራዩ “አንተ ነህ የያዝከው”። ድሬዳዋ ውስጥ ይህ በየግቢው በየዓመቱ ይነሳል። በውሉ ላይ አንድ መስመር ይዘጋዋል፦ የሻወር ራስና የቧንቧ ጎማ በተከራይ፤ ማሞቂያ፣ ተንሳፋፊ ኳስና ዋና መስመር በአከራይ። ከዚሁ ጋር በገቡበት ቀን የንዑስ ቆጣሪው ንባብ፣ የነዋሪው ቁጥር፣ የቢል አከፋፈሉ፣ የጉድጓድ መምጠጫ ወጪ የማን እንደሆነ፣ የምጣድ ተራው ይጻፍ። የክፍሉ ፎቶ በሁለቱም ስልክ ይኑር። ደላላ ያመጣው አንድ ገጽ ቅጽ ይህን አይዝም፤ የደላላው ሥራ ኮሚሽኑን ሲቀበል ያበቃል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ውል የሚመዘግበው የአስተዳደሩ ክፍል ለግቢ ኪራይ የሚሆን፣ ከላይ ያልኋቸውን የያዘ አባሪ ገጽ ከውሉ ቅጽ ጋር ያያይዝ፤ ሰውየው ለምዝገባ ሲመጣ ካልሞላው ይመለስ። የመብራት አገልግሎቱም በአንድ የይዞታ ካርታ ላይ ላሉ የተከራዩ ክፍሎች፣ የተመዘገበ ውል ለያዙ፣ የየራሳቸውን ቆጣሪ የሚያገኙበትን መንገድ ያበጅ። የተመዘገበ ውል ቆጣሪ የሚያስገኝ ከሆነ አከራዩ ለማስመዝገብ ማንም ሳይጎተጉተው ይሄዳል፤ ተከራይዋም 90 ኪሎዋት ሰዓት ተጠቅማ በ450 ዋጋ አትከፍልም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የግቢ ቤት አከራይ
ድሬዳዋ፣ ሳቢያን